«የዘር ነው» ከማለት በፊት፦ የሕንድ አረጋውያን፣ የመርሳት ሕመምና ዘረመል

ከደቡብ እስያ ቤተሰቦች ጋር የሚኖሩ፣ የሚሠሩና የሚማሩ አንባቢዎች የላኩልን ጥያቄዎች ስለተበራከቱ የዚህን ወር ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ (ከሌስተር፣ እንግሊዝ)፦ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብ ነኝ። ከምረዳቸው አንዷ የ78 ዓመት እናት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ጉጃራት ነው። ቤተሰቡ «ባ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ቤተሰቡ። ፊደል አልቆጠሩም። በቅርቡ ሐኪም ዘንድ ሄደው የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመችላቸው ተፈተኑ፦ ከ100 ሰባት ሰባት ይቀንሱ፣ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ይህን ሥዕል ይገልብጡ ተባሉ። ከ30 17 አገኙ። ልጆቻቸው «የእሷም እናት እንዲሁ ሆና ነው የሞተችው፤ የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው እጃቸውን አጣጥፈዋል። ውጤቱ ለዚህ ያበቃል?

መልስ፦ አያበቃም። ከገለጻዎ እንደምንረዳው ፈተናው ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ባለ 30 ነጥብ አጭር የአእምሮ መመዘኛ ነው። እስቲ ነጥቡን እንቁጠር። ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድ 5 ነጥብ ይይዛል። «ዓይንዎን ይክደኑ» የሚለውን አንብቦ መፈጸም 1፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕሎችን መገልበጥ 1። እነዚህ 8 ነጥቦች ከማስታወስ ይልቅ ደብተርና እስክሪብቶ መልመድን ይለካሉ። ስለዚህ ባ ምንም ሳይነካቸው ከ22 ሊጀምሩ ይችላሉ። በዚያ ላይ ቀኑንና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጠየቁ፣ በዓላቸውን በጨረቃ የሚቆጥሩ ሴት ሌላ ሁለት ሦስት ነጥብ ቢጥሉ አይገርምም። ጤነኛ ናቸው ለማለት አይደለም፤ 17 ብቻውን ለየትኛውም ወገን አይመሰክርም።

ችግሩ ሕንድ ውስጥ ድሮ ታውቋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዴልሂ አጠገብ ባላብጋር በተባለ የሃሪያና ገጠር ጥናት ያካሄዱ የሕንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተና ላልተማረ ሰው እንዲሆን አድርገው በሂንዲ እንደገና ሠሩት። ቅነሳው የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ መጥራት ሆነ፤ ማንበቡ ቀርቶ «ፊቴን እያዩ የማደርገውን ያድርጉ» ተባለ፤ በመጻፍ ፈንታ ስለ ቤታቸው አንድ ነገር በቃል እንዲናገሩ ተደረገ። በቃል የሚያዙት ሦስት ነገሮችም ማንጎ፣ ወንበርና ሳንቲም ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ ይበልጥ የሚገኘው ግን «ሩዳስ» የተባለው መመዘኛ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ እሱም ከ30 ይታረማል፤ 22 እና ከዚያ በታች ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። ሰውዬው ቀኝና ግራውን ያሳያል፤ እጁን እያፈራረቀ ይጨብጣል ይዘረጋል፤ መብራት በሌለበት መንገድ እንዴት እንደሚሻገር ያስረዳል፤ በአንድ ደቂቃ የቻለውን ያህል እንስሳ ይጠራል፤ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና የሚል የገበያ ዝርዝር ይዞ ቆይቶ ይደግማል። (እንቁላል ደጃፉን አልፎ በማያውቅበት ጥብቅ አትክልት ተመጋቢ ቤት ይህ ዝርዝር ራሱ ግራ ማጋባቱ አይቀርም። ቢሆንም ከሰባት ሰባት ቅነሳው ይሻላል።) ሐኪማቸውን በሩዳስ፣ በጉጃራቲ፣ በባለሙያ አስተርጓሚ እንዲደገም ይጠይቁ። የልጅ ልጅ አታስተርጉም። አያቷ ሲያቅታቸው ታፍራለች፣ ሳታስበው ፍንጭ ትሰጣለች፤ ወይም የተምታታውን መልስ አስተካክላ ታቀርባለች። የመነጽርና የጆሮ ነገርም አይዘንጋ፤ ጥያቄው ያልተሰማ ሰው መልሱን አይመልስም።

እርስዎ ደግሞ ሐኪሙ የማያየውን ያያሉ። ቁም ነገሩ ባ ዛሬ ምን ያህል ይችላሉ የሚለው ሳይሆን ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ከነበሩበት ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል ወረዱ የሚለው ነው። ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ይያዙ፦ ወተት ሻያቸውን ሲያፈሉ ዝንጅብሉ፣ ቅጠሉና ወተቱ በየተራው ይገባል ወይስ መሐል ላይ ቆመው ምድጃውን ያያሉ? ጋዙን ሳያጠፉ ይወጣሉ? የጸሎታቸው ቅደም ተከተል ተዛብቷል? የብሩን መልስ ይቆጥራሉ? አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቴ ይደግማሉ? ለውጡ በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ክፉ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይደውሉ። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ኦክሲቡቲኒን ያሉ መድኃኒቶች የአረጋዊን ራስ ያደነዝዛሉ። የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ።

«የዘር ነው» ለሚለው ልጆቹን አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ አያታቸው የታመሙት በስንት ዓመታቸው ነበር? በ80ዎቹ ከሆነ ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። በቤተሰቡ በየትውልዱ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ የጀመረ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ፕረሴኒሊን 1፣ ፕረሴኒሊን 2 ወይም ኤፒፒ ከተባሉት ጂኖች በአንዱ ላይ ያለ ለውጥ ሊሆን ስለሚችል የዘረመል አማካሪ ዘንድ መሄድ ይገባል። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት ሕመም ዓይነት) ታማሚዎች መካከል ከ100 አንድ እንኳን አይሞሉም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሕንዶች እርድ ስለሚበሉ አልዛይመር አይነካቸውም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወሬው ሥር የለሽ ግን አይደለም፤ ከዚያው ከባላብጋር ጥናት የተነሣ ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 1,000 ሰዎች መካከል በዓመት አዲስ የአልዛይመር ታማሚ ሆነው የተገኙት 5 አይሞሉም ነበር፤ ለንጽጽር በተወሰደው የፔንሲልቬንያ ገጠር ግን 17 ያህል ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ወደ ወጡ ድስት ሮጠ። ነገር ግን ታማሚው በምርመራ ሳይገኝ ሊሞት ይችላል፣ ቤተሰቡም መርሳትን የዕድሜ ጸጋ አድርጎ ያልፈዋል፤ የአልዛይመርን ዕድል የሚጨምረው የአፖኢ 4 ጂንም እዚያ አነስ ይላል፤ በባላብጋር ድግግሞሹ 0.07፣ በፔንሲልቬንያው 0.11 ነበር። ኋላ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጠና ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሕንዳውያን 7.4 በመቶው፣ ማለትም 8.8 ሚሊዮን ያህሉ፣ የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ተገምቷል፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ፣ ገጠሬው ከከተሜው ይበዛል። እርዱ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ለቀለም እንዲያምር ሊድ ክሮሜት የተቀላቀለበት የእርድ ዱቄት ባንግላዴሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሊድ ደግሞ አንጎልን የሚጎዳ መርዝ ነው። እርድ ከወደዱ ሥሩን ገዝተው ያስፈጩ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ ባለቤቴ የኬረላ ሰው ነው፤ 52 ዓመቱ። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። በምራቅ የሚደረገውን የዲኤንኤ ምርመራ ሁለታችንም አደረግን። ጥሬ ፋይሉን ሲከፍት «አርኤስ429358፦ ሲቲ፣ አርኤስ7412፦ ሲሲ» ይላል። የእኔም ያው ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሦስት እጥፍ» የሚል አየንና እንቅልፍ አጣን። ሁለት ልጆች አሉን፤ 14 እና 17 ዓመታቸው ነው። እናስመርምራቸው?

መልስ፦ ልጆቹን አታስመርምሩ። በዚህ ዕድሜ በውጤቱ የሚለወጥ ሕክምና የለም፤ ማወቅ አለማወቁን አድገው ራሳቸው ይወስኑ።

ፊደሎቹ የሚነበቡት እንዲህ ነው። የአፖኢ ጂን ክሮሞሶም 19 ላይ ይገኛል፤ 2፣ 3 እና 4 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት፣ ከእናትና ከአባት አንድ አንድ እንወርሳለን። የመጀመሪያው ቦታ ቲቲ፣ ሁለተኛው ሲሲ ከሆነ 3/3 ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህ ነው። የእናንተው ሲቲና ሲሲ 3/4 ይባላል፣ አንድ ቅጂ አፖኢ 4 ማለት ነው። ሁለቱም ቦታ ሲሲ ቢሆን 4/4 ይሆን ነበር። ጥሬ ፋይል ግን የሐኪም ውጤት አይደለም፤ የምራቁን ዲኤንኤ የሚያነቡት ቺፖች በነጠላ ፊደል ይሳሳታሉ፤ ለውሳኔ የሚፈለግ ከሆነ ፈቃድ ባለው የሕክምና ላቦራቶሪ ይደገም።

«ሦስት እጥፍ» ከየት መጣ? በ1997 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶች ተደምረው በወጣ ታዋቂ ትንተና፣ በነጮች ዘንድ 3/4 የሆነ ሰው ከ3/3 ጋር ሲነጻጸር የአልዛይመር ዕድሉ 3.2 እጥፍ፣ 4/4 የሆነው 14.9 እጥፍ ነበር። በጃፓናውያን 5.6 እና 33.1፤ በአፍሪካ አሜሪካውያን 1.1 እና 5.7። ሠንጠረዡ ላይ ነጮች፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሂስፓኒኮችና ጃፓናውያን አሉ። የኬረላ ሰው ዓምድ የለውም። የጎንደርም የለውም። ለባለቤትዎ ትንሽ የተሻለ መረጃ አለ፤ በባላብጋር አፖኢ 4 ከአሜሪካው ያነሰ ይሁን እንጂ ያለበት ሰው ላይ ከሕመሙ ጋር ያለው ግንኙነት የዚያኑ ያህል ነበር። ለእርስዎ ግን የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች የአፖኢ 4 ክንድ ደከም ብሎ መታየቱን ከመናገር አናልፍም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፊደል ይዛችሁ አንድ ዓይነት ስጋት አላችሁ ማለት አይቻልም። በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ አንድ ቅጂ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሕመሙ ሳይነካቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ በአንጻሩ አፖኢ 4 የሌላቸው የአልዛይመር ታማሚዎች ሞልተዋል።

አሜሪካ ስለሆናችሁ ሁለት ነገር እንጨምር። የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ የጤና መድን ድርጅትና አሠሪ በዘረመል ውጤት እንዳያዳሉ ይከለክላል፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ግን አይነካም። መድን ለመግባት አስባችሁ ከነበረ የላቦራቶሪው ውጤት በሕክምና ፋይላችሁ ላይ ከመስፈሩ በፊት ጨርሱት። ሁለተኛው፣ ውጤቱ ለሐኪም በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት አንጎል ውስጥ እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ በዋናው ሙከራ አፖኢ 4 ከሌላቸው 5.4 በመቶ፣ አንድ ካላቸው 10.9 በመቶ፣ ሁለት ካላቸው 32.6 በመቶ ላይ ታይቷል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጂኑ የሚታየው ለዚህ ነው። ለ52 ዓመት ጤነኛ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ገና አልመጣም።

ጥያቄ (ከሃይደራባድ፣ ሕንድ)፦ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ የ900 ሕንዳውያን የጂን መረጃ አለኝ። በአውሮፓውያን ላይ ከተሠራው ትልቅ የአልዛይመር ጥናት የዘረመል ስጋት ነጥብ (ብዙ የጂን ልዩነቶችን በየክብደታቸው የሚደምር ቁጥር) አስልቼ ከሂንዲው የአእምሮ ፈተና ውጤት ጋር ሳገናኘው ምንም የለም። ስህተቱ የእኔ ነው ወይስ የነጥቡ?

መልስ፦ ከሁለቱም ሊኖር ይችላል፤ የራስዎን አስቀድመው ይፈትሹ።

በመጀመሪያ የጂኖሙ እትም፣ ማለትም የፊደሎቹ ቦታ የተቆጠረበት ካርታ። አፖኢ በእትም 37 ላይ 45.4 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ በእትም 38 ደግሞ 44.9 ሚሊዮን። ሁለቱ ፋይሎችዎ የተለያየ እትም ከያዙ በቦታ ሲገጣጠሙ አብዛኛው ስኒፕ (የአንድ ፊደል የዲኤንኤ ልዩነት) ይጠፋል ወይም ከባዕድ ስኒፕ ጋር ይጋባል። ቀጥሎ የዲኤንኤው ገመድ አቅጣጫ። ኤ/ቲ እና ሲ/ጂ የሆኑ ስኒፖች በየትኛው ገመድ እንደተነበቡ በፊደላቸው አይታወቅም፤ ድግግሞሻቸው ከ0.4 እስከ 0.6 የሆኑትን ያውጡ። ይህ ካልተደረገ የክብደቱ ምልክት ይገለበጥና ስጋቱ መከላከያ ሆኖ ይገባል። ድምሩም በዚያው ይጣፋል።

ሦስተኛ፣ የአፖኢን አካባቢ ግራና ቀኝ 1 ሚሊዮን ፊደል ያህል ከነጥቡ ያስወጡ፤ አፖኢን ራሱን ግን ሰውዬው ባለው የአፖኢ 4 ቅጂ ብዛት ለብቻው ሞዴሉ ውስጥ ያስገቡት። ክብደቱ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚበልጥ አብሮ ከተደመረ «የዘረመል ነጥብ» የሚሉት ነገር አፖኢ በሌላ ስሙ ይሆናል።

አራተኛ፣ ተያይዘው የሚወረሱ ስኒፖችን ሲለዩ የተጠቀሙት ማመሳከሪያ የማን ነው? በልማድ የሚወሰደው የአውሮፓ ነው። ከ1000 ጂኖም ፕሮጀክት 489 ደቡብ እስያውያን አሉ፤ በሂዩስተን የሚኖሩ ጉጃራቲዎች፣ የላሆር ፑንጃቢዎች፣ የባንግላዴሽ ቤንጋሊዎች፣ እንግሊዝ ያሉ የስሪላንካ ታሚሎችና ቴሉጉዎች። ከአምስቱ ሦስቱ የተሰበሰቡት ከባሕር ማዶ መሆኑን ልብ ይሏል። ቢሆንም ከአውሮፓው ይሻላል። (በዚያው ፕሮጀክት ኢትዮጵያውያን አልተካተቱም፤ ወደፊት በአገር ቤት መረጃ ተመሳሳይ ሥራ ቢያስቡ ማመሳከሪያ ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብዎታል።)

አሁን ወደ ቁጥሩ። አፖኢ ከወጣ በኋላ የቀረው ነጥብ ከፈተና ውጤት ልዩነት 0.5 በመቶ ቢያብራራ ብዙ ነው። ያንን በ80 በመቶ ዕድል ለማየት 1,570 ያህል ሰው ያስፈልጋል። በ900 ሰው ዕድልዎ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ነጥቡ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ ሲሻገር ጉልበቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ዕድሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል። እንግዲህ «ምንም የለም» ብለው ከመጻፍዎ በፊት የእርግጠኝነት ወሰኑን (ኮንፊደንስ ኢንተርቫል) ያሳዩ፤ ምናልባት አውሮፓ ውስጥ የተገኘው ግምት ራሱ በወሰንዎ ውስጥ ይገኝ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ትምህርት ነው። የሂንዲው ፈተና የመርሳት ሕመምን ለመለየት የተሠራ ስለሆነ የተማረው ሰው ጣሪያው ላይ ይከማቻል፤ ማስታወሱ ቢለያይም ነጥቡ አይለይም። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ዘግይቶ ማስታወስን፣ በአንድ ደቂቃ የተጠሩ እንስሳትን የመሳሰሉትን ለየብቻ ይተንትኑ። ደግሞም ሕንድ ውስጥ ጃቲ (በትውልድ የሚወረስ ማኅበረሰብ)፣ ክፍለ ሀገርና ትምህርት ተያይዘው ይሄዳሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ የኖሩ ማኅበረሰቦች የጂን ድግግሞሻቸው ተለያይቷል፤ ትምህርት የደረሳቸው ዘመንም እንዲሁ። ስለዚህ የዘረመል ነጥብና የፈተና ውጤት አንዳች የአንጎል ምክንያት ሳይኖር ሊገናኙ፣ ወይም እውነተኛው ግንኙነት ሊሸፈን ይችላል። ቢያንስ 10 ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት (የሰዎቹን የዘር ልዩነት የሚያጠቃልሉ መለኪያዎች) ከራስዎ ናሙና ያስሉ፣ ዝምድናን የሚያስተካክል ሞዴል ይጠቀሙ፣ ነጥቡንም በራስዎ ሰዎች አማካይ ይመዝኑ። ውጤቱን ትምህርትን አስገብተውም ሳያስገቡም ጎን ለጎን ያቅርቡ። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ተሲስ አይታመንም።

የነጥቡ ድርሻም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ ጥናት 75 የጂን ቦታዎችን ሲለይ 111,326 ታማሚዎችንና የታማሚ ቤተሰቦችን ከ677,663 ሌሎች ጋር አነጻጽሯል፤ ሁሉም የአውሮፓ ዘር ያላቸው ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ክብደት የተሰጠው ስኒፕ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራሱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው፤ ሕንድ ውስጥ ጎረቤትነቱ ሊላላ ይችላል። ለሕንድ የተሻለው ምንጭ ላሲ-ዳድ የተባለው ጥናት ነው፦ ከ18 ክፍለ ሀገሮችና ግዛቶች ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 4,096 ሰዎች በዝርዝር ተፈትነዋል፣ ከ2,700 በላይ የሚሆኑት ሙሉ ጂኖማቸው ተነቧል። አማካሪዎ መረጃውን የማግኛ ማመልከቻ እንዲያስገቡ ይጠይቋቸው፤ የእርስዎን 900 ከዚያ ጋር ቢያጣምሩት ከላይ የተባለው ቁጥር ይሟላል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የምሠራበት ቤት የሕንድ ቤተሰብ ነው። የማዳሜ አባት 74 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ ሥጋ አይቀምሱም፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጾማሉ። አሁን አሁን ይረሳሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ድንገት ይቀባዥራሉ። ማዳም የጂን ምርመራ ልታስደርግላቸው ነው። ይጠቅማል?

መልስ፦ በዚያው ገንዘብ ሌላ ምርመራ ቢደረግላቸው ይሻላል። ድንገት የሚመጣው መቀባዠር በጾሙ ቀን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስኳር መውረድ ነው፦ ክኒኑን ይወስዳሉ፣ ምግብ ግን የለም። ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ነገር ካምታቱ ወዲያው ጣታቸውን ወግተው ይለኩ። ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። መዋጥ ካቃታቸው በአፍ ምንም አይስጡ፤ አምቡላንስ ይጥሩ። በጾም ቀን መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ማዳምን ይንገሯት፤ በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ለአረጋዊ አስቸጋሪ ነው።

ቀስ እያለ ለመጣው መርሳት ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይደረግ። ሥጋ አለመብላት አንድ፣ ስኳር በሽተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ሁለት፣ ሁለቱም ቢ12ን ያሳንሳሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች የሆነውን እጥረት ይሉታል። የታይሮይድ ምርመራ አብሮ ይሠራ፤ የጆሮ ምርመራም እንዲሁ። ግፊታቸው ከላይኛው ቁጥር 130 አካባቢ እንዲሆን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሲቆሙ የሚያዞራቸው ከሆነ ግን ይህንንም ይናገሩ። እግራቸውን የሚያቃጥላቸው ወይም የሚደነዝዛቸው ከሆነ ቢ12ቱ በመርፌ ሊጀመር ይችላል። ፋርማሲስት «ለደም» ብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጣቸው አይቀበሉ፤ ደማቸውን አስተካክሎ ሲያሳይ የነርቩ ጉዳት ከሥር ይቀጥላልና፣ ቢ12 ይቅደም።